የስምንት ወሩ ፕሬዚዳንት ወረቀት

ኦምዱርማን፣ ሙሐረም 9

ልጄ ነፊሳ፣

ሰላምታዬ ከዚህ ባሩድ መካከል ወጥቶ በጤና ይድረስሽ። ለእናትሽ ለሐጃ አዋጢፍም ያ ሽማግሌ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ እጅ ነሥቷል በይልኝ።

ደብዳቤሽ በተጻፈ በሃያ ሦስት ቀኑ ደረሰኝ። ሹፌሩ ሙርሰል በየኬላው ስለሚፈተሽ ጫማው ውስጥ ከትቶ ነው ያመጣው፤ ከማንበቤ በፊት ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። የታሪክ ዶክተር ደብዳቤ የሹፌር እግር እግር ሲሸት ያየሁት ገና በስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው።

ለጥያቄዎችሽ በተራ ልመልስ። እኔ አለሁ። ቤቴ ግን የለም፤ በረመዳን መጨረሻ መድፍ መትቶት ጣራው ወለሉ ላይ ተኝቷል። እኔ ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ነበር። ጎረቤቶቼ እነ ሐሰቡ አልወጡም፤ አምስቱንም ለቃቅመን በአንድ ብርድ ልብስ ቀበርናቸው። ከዚያ ወዲህ የምኖረው የመንግሥት መዛግብቱ መጋዘን ግቢ፣ የዘበኛው ክፍል ውስጥ ነው።

መጋዘኑን ለጠየቅሽኝ፣ ግማሹ ቆሟል። የፕሬዚዳንቶቹ ወረቀት ያለበት ምድር ቤት እስካለፈው ሳምንት አልተነካም ነበር። አሁን ታጣቂዎች ሰፍረውበታል፤ አሥራ አራት ናቸው፤ አለቃቸው ጁማ ይባላል። የመጡ ዕለት ኮሌታዬን ጨምድዶ፣ "አንተ ሽማግሌ፣ ወርቁ የት ነው?" አለኝ። "ወረቀት ብቻ ነው" አልኩት። "ለወረቀት ብሎ ይህን የሚያክል የብረት በር የሚያቆም መንግሥት አለ?" ብሎ በክላሹ ሰደፍ ሁለት ጥርሴን አወለቀው። የቀሩት ለገንፎ ይበቃሉ፣ አትዘኚ።

ስለ ባልደረባዬ ስለ ኡስታዝ ፈድለልሙላ ለጠየቅሽኝ ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

ወደ ዋናው ጉዳይሽ ልምጣ። የስምንት ወሩን ፕሬዚዳንት ታሪክ ልጽፍ ነው ማለትሽ ደግ ነው፤ ከመጡት ከሄዱት ሁሉ ወረቀቱ የሚያንሰው እሱ ነው። በስምንት ወር ሥልጣን ሰው ምን ይጽፋል? የምሕረት ጥያቄዎቹን ሣጥን ግን ፈልጌ አጣሁት። ከነበረበት መደርደሪያ ላይ የለም። የአባትሽ የኮሎኔል ባቢከርና አብረውት የተረሸኑት የስምንቱ መኮንኖች ጉዳይ ከነሣጥኑ ጠፍቷል ብለሽ ቁረጪ። ይቅርታ አድርጊልኝ። ከፈለግሽ ንግግሮቹንና ከባሕር ማዶ የመጡለትን ቴሌግራሞች እልክልሻለሁ።

አጎትሽ ሲረልኸቲም


ገዳሪፍ፣ ሶፈር 4

ለማከብርዎት አጎቴ ሲረልኸቲም፣

እንደምን ሰነበቱ? ደብዳቤዎን ለእናቴ ሳነብላት ስለ ጎረቤቶችዎ ያለው ቦታ ላይ አስቁማኝ ለሙታኑ ፋቲሐ ቀራች። ስለ ጥርስዎ ያለውን ዘለልኩት፤ ነገሩን ሳቅ የሚያደርጉት ለኔ ብለው እንደሆነ አውቃለሁ።

ቴሌግራሞቹን አልፈልግም። በሙርሰል አፍ "ለምን ሌላ ፕሬዚዳንት አትይዝም? ሞልቶ!" ብለው ልከውብኛል። እሺ፣ ልንገርዎት። አባቴ ሲረሸን ስድስት ዓመቴ ነበር። እሑድ ጎህ ሲቀድ ነው የረሸኑት። ከዚያ በፊት በነበረው ሐሙስ እናቴ ቤተ መንግሥት በር ድረስ ሄዳ በእጇ የጻፈችውን የምሕረት ደብዳቤ አስገብታ ነበር። ይኸው አርባ አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ትጠይቃለች፤ "አንብቦታል ወይ?"

አንብቦ ጨክኖ እንደሆነ ትረግመዋለች፤ እሱንስ ለምዳዋለች። የሚገድላት ሌላው ነው። ሳያነበው ቀርቶ እንደሆነ ጥፋቱን ለራሷ ታደርገዋለች። ጽሕፈቴ አስቀያሚ ሆኖበት ይሆን፣ ሦስት ገጽ አብዝቼበት ይሆን እያለች ታድራለች፤ ጎኗ ስተኛ እሰማታለሁ። አሁን ሰባ አራት ዓመቷ ነው፤ ልቧ ደክሟል፤ ሐኪሙም ለኔ ብቻ የነገረኝ ነገር አለ። መጽሐፉ ይቆያል፤ እሷ ግን አትቆይም። አንድ መስመር፣ አንድ ፊርማ፣ ምንም ይሁን ምን ከመሞቷ በፊት መልስ ላምጣላት። ሣጥኑን እባክዎ እንደገና ይፈልጉልኝ።

ኡስታዝ ፈድለልሙላ ምን ሆኑ? ዝምታዎ አላማረኝም።

ነፊሳ


ኦምዱርማን፣ ሶፈር 29

ልጄ ነፊሳ፣

ሰላም ለቤታችሁ። ስለዘገየሁ ይቅርታ፤ እጄ ብዕር አልይዝ ብሎ ነው።

ፈድለልሙላ ሞቷል። ታጣቂዎቹ በገቡ ዕለት ነው። የምድር ቤቱን ቁልፍ አምጣ አሉት። አሳምረሽ ታውቂዋለሽ፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ያለ ፊርማ እርሳስ አስረክቦ አያውቅም። ከኪሱ የርክክብ ቅጽ አውጥቶ፣ "እዚህ ጋ ስም፣ እዚህ ጋ ፊርማ" አላቸው። መጀመሪያ ሳቁ። እሱ አልሳቀም፤ "ሳትፈርሙ አልሰጥም፣ የአገር ንብረት ነው" አለ። ደረጃው ላይ ሦስት ጥይት ለቀቁበት። ቅጹ እጁ ላይ ነበር። ሁለት ቀን እንዳላነሣው ከለከሉኝ፤ በሦስተኛው ቀን ሽታው እነሱኑ ሲያስቸግራቸው አካፋ ወረወሩልኝ። ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ብቻዬን ቀበርኩት። ሰላት ያገዘኝ ከነሱ አንዱ ነው፤ ጠመንጃውን ሳያወርድ።

ከሰል አልቆባቸዋል። ስለዚህ ምስር ሲቀቅሉ ወረቀቱን ያነዱታል። ጁማ፣ "አንተ የምታውቀው ነህ፣ የማይረባውን ምረጥ" አለኝ። እኔ ነኝ የምመርጠው፣ ነፊሳ፤ እኔው ነኝ ክብሪት የምጭረው። ከበዓል መልካም ምኞቶች ጀመርኩ። ከዚያ የግብዣ ዝርዝር፣ ከዚያ ማንም ያልሰማቸው ንግግሮች። ባለፈው ሳምንት አንድ ፕሬዚዳንት ከነሚኒስትሮቹ አንድደን ምስሩ ግን ሳይበስል ቀረ። ጁማ ምስሩን ቀምሶ "መንግሥታችሁ ድሮም ሙቀት አልነበረውም" ብሎ ሲስቅ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ እኔም ሳቅኩ።

የስምንት ወሩን መደርደሪያ አምጣ ሲለኝ ግን እምቢ አልኩ። በኤሌክትሪክ ገመድ ገረፉኝ። ጀርባዬን ላንቺ አልገልጽም። አንዱ ጣቶቼን የብረት በሩ መሐል አድርጎ ዘጋው፤ ጽሕፈቴ የዶሮ ጭረት የመሰለው ለዚህ ነው።

በማግስቱ እርስ በርሳቸው በተዘረፈ ሞተር ብስክሌት ተጣሉ። አንዱ አንዱን ሆዱን በጥይት መታው። የተመታውን አንቺ ተቀምጠሽ ታነቢበት በነበረው ጠረጴዛ ላይ አስተኙት። እናቱን እየጠራ ነበር የሞተው። ራሱን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ የያዝኩት ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ፤ ከገረፉኝ አንዱ እሱ ነበር። ደሙን በመንግሥት ጋዜጣ ጠረጉት። ከዚያ በኋላ መደርደሪያውን ረሱት።

ሣጥኑን እንደገና ፈልጌዋለሁ። አላገኘሁም። ነገር ግን ከስምንት ወሩ ሰውዬ የወጪ ደብዳቤዎች መዝገብ አራት ገጽ አትርፌ በሙርሰል ትርፍ ጎማ ውስጥ ልኬልሻለሁ። አንቺ ወረቀት ማንበብ ታውቂያለሽ። እኔ ምንም አልልም።

አጎትሽ ሲረልኸቲም


ገዳሪፍ፣ ረቢዕ አል-አወል 21

ለማከብርዎት አጎቴ፣

ስለ ኡስታዝ ፈድለልሙላ አለቀስኩ። ቅጹን አውጥተው ሲያቀርቡ በዓይኔ ይታየኛል፤ እሳቸው ሌላ ነገር ሊያደርጉ አይችሉም ነበር። ስለ ጣትዎና ስለ ጀርባዎ ምን ልበል? እባክዎ ከዚያ ይውጡ። መደርደሪያ እንደ ሰው አይደለም፣ ይቃጠል።

እናቴ ካለፈው ጁምዓ ጀምሮ ከአልጋ አልወረደችም። አስዳውን፣ ገንፎውን፣ በወተት አላልቼ በማንኪያ ነው የማጎርሳት።

አሁን ስለ አራቱ ገጾች። ሦስቱን አንብቤ አስቀመጥኳቸው። አራተኛውን ግን አምስት ቀን ሙሉ ከእጄ አላወረድኩትም። በዚያ ገጽ ላይ ያሉት ደብዳቤዎች ሁሉ የወጡት ቅዳሜ ነው። የመጨረሻው ብቻ፣ ቁጥር 611፣ እሑድ ነው። "ለጦር ፍርድ አስፈጻሚ፣ ፍርዱ እንዲዘገይ" ይላል። እሑድ! አባቴ ጎህ ሲቀድ ተረሽኖ መሥሪያ ቤት የሚከፈተው ከዚያ በኋላ አይደለም? ለሞተ ሰው ነው ይዘግይ የሚባለው? የሌሎቹ ጽሕፈት የተረጋጋ ነው፤ የዚህኛው መስመሩን ለቆ ወርዷል። የጸሐፊው እጅ ግን አንድ ነው።

ያንን እጅ አውቀዋለሁ፣ አጎቴ። ሃያ ዓመት ሙሉ መጋዘኑ ውስጥ የመጽሐፍ ቁጥር የጻፈልኝ እጅ ነው። ገጹን የላኩልኝ እንዳነበው ነው። ስለዚህ በቀጥታ እጠይቅዎታለሁ። ቁጥር 611 ምንድን ነው?

ነፊሳ


ኦምዱርማን፣ ረቢዕ አል-ሣኒ 12

ልጄ ነፊሳ፣

ሰላምታ ልጽፍ ጀምሬ ሦስቴ ሰረዝኩት። ሰላም የማለት ፊት የለኝም። 611 የኔ ነው።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ የቤተ መንግሥቱ የወጪ ደብዳቤዎች ጸሐፊ ነበርኩ። ቁጥር ያልተሰጠው ወረቀት፣ ፕሬዚዳንቱ ራሱ ቢፈርምበት እንኳ፣ ከግቢው አይወጣም። ቁጥር የምሰጠው እኔ ነኝ፤ መዝገቡ የሚቆለፈውም በኔ ቁልፍ ነው።

ያን ቅዳሜ ጠዋት፣ ከጁምዓ ዕረፍት መልስ፣ ፉላችንን በልተን እጃችንን ሳንታጠብ የዋናው ጸሐፊ እናት ማረፏ በስልክ ተነገረን። በኛ አገር ይህ ሲሆን ምን እንደሚደረግ ላንቺ አልነግርሽም። ከሚኒስትር ዴኤታው እስከ ተላላኪው ሁሉም ብድግ አለ። አውቶብሱ በር ላይ ቆሞ ጥሩምባውን ይነፋል። ልወጣ ስል የፕሬዚዳንቱ ረዳት አንድ ወረቀት እጄ ላይ አስቀምጦ፣ "ይቺ ዛሬ ትውጣ፣ ሲረልኸቲም" አለኝና እሱም ወደ አውቶብሱ ሮጠ። አየሁት። የእናትሽ ደብዳቤ ነው፤ ሦስት ገጽ። ኅዳጉ ላይ ፕሬዚዳንቱ በአረንጓዴ ቀለም እንዲህ ብሏል፦ "የዚህችን ሴት ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ነገሩን እንደገና እስካየው የዘጠኙም ፍርድ ይዘግይ።" የዘጠኙም ነው ያለው።

ከተማው ውስጥ የሚወራው ርሸናው ማክሰኞ ነው ተብሎ ነበር። "ዛሬ" ማለት እስከ ሥራ መውጫ ነው ብዬ መሳቢያው ውስጥ ቆለፍኩበትና ተሳፈርኩ። ቀብሩ ሩቅ ገጠር ነው። የሟች ወንድሞች ከሰሜን እስኪመጡ ተጠበቀ። ስንመለስ አውቶብሱ አሸዋ ውስጥ ገባ፤ ሁላችንም ጀለብያችንን ሰብስበን ስንገፋ ዋልን። ከተማ ስንደርስ መሥሪያ ቤቱ ተዘግቷል። ዘበኛውን ቀስቅሼ ላስከፍተው እችል ነበር። ደክሞኝ ነበር። "ነገ በጠዋት" አልኩ። ይቺን "ነገ በጠዋት" አርባ አምስት ዓመት ሰማኋት።

እሑድ ስገባ ሬዲዮው ማርሽ ያሰማል። ዘጠኝ ስም አነበቡ። የአባትሽ አራተኛው ነበር። መሳቢያውን ከፍቼ ቁጥር ሰጠሁት። ለምን እንደሰጠሁት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ምናልባት ካልጻፍኩት አበድኩ ብዬ ይሆናል። ወረቀቱን ግን አላወጣሁትም። ፕሬዚዳንቱ የጦሩ ሰዎች ንቀውኝ ነው አለ፤ የጦሩ ሰዎች ምሕረት የነፈገው እሱ ነው አሉ። እነሱ ሲካሰሱ እኔን የጠየቀኝ ሰው የለም። ሁለት ወር ሳይሞላ ገለበጡት፤ የዘጠኝ ሰው ደም ተሸክሞ ሞተ። ደሙ የኔ ነበር።

በሕይወቴ የቀረሁበት ልቅሶ አንድ ነው፤ የአባትሽ። ሰፈራችሁ ድረስ መጥቼ ነበር። ከመንገዱ ጥግ ሆኜ ስመለከት አንቺ አጭር ቀሚስ ለብሰሽ በር ላይ ቆመሻል። ተመለስኩ።

ሣጥኑ ጠፋ ያልኩሽ ውሸት ነው። ወረቀቶቹ ወደ መጋዘኑ ሲዛወሩ ለምኜ አብሬ የተዛወርኩት በዚህ ሰበብ ነው። ሲገርፉኝ የእናትሽ ደብዳቤ ሸሚዜ ውስጥ ነበር፤ ጠርዙ ላይ ያለው ደም የኔ ነው። አሁን ሙርሰል ይዞልሽ መጥቷል። ዋናው ነው፤ ቅጂ የለውም። በመጽሐፍሽ ስሜን ከነአባቴ ከነአያቴ ጻፊው፤ ሲረልኸቲም ዑስማን ዐብደልማጂድ። ያን ሰውዬ አውርጂውና እኔን በቦታው ስቀይኝ።

ሲረልኸቲም


ገዳሪፍ፣ ረቢዕ አል-ሣኒ 28

ሲረልኸቲም፣

አምስት ጽፌ ቀደድኩ፤ ይህ ስድስተኛው ነው።

ዘጠኝ ሰው! ደክሞህ ነበር? አውቶብስ ስትገፋ ደክሞህ? በጁማ ቦታ እኔ ብሆን ሁለት ጥርስ አውልቄ አልተውህም ነበር። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው ሙርሰል የመጣው፤ ወረቀቱን ሳነብ ቢላዋው እጄ ላይ ነበር፤ ከተማው ኦምዱርማን ቢሆን ኖሮ የት እንደምሰካው አውቅ ነበር። ይህን ስጽፍ አላፈርኩም።

ሃያ ዓመት ሙሉ በእጅህ ሻይ እየቀዳህልኝ፣ "ስለ አባትሽ የተጻፈ ነገር የለም፣ ልጄ" አልከኝ። ልጄ እያልክ! እናቴ ሌሊት ጽሕፈቷን ስትረግም አንተ ደብዳቤዋን ሸሚዝህ ውስጥ ይዘህ ትተኛ ነበር።

ለእናቴ አልነገርኳትም። ምን ብዬ ነው የምነግራት? አንተ መዝገብ አዋቂ ነህ፣ እስቲ አንተ ንገረኝ።

ነፊሳ ባቢከር


ኦምዱርማን፣ ጁማዳ አል-ኡላ 15

ነፊሳ፣

ያልሽው ሁሉ ልክ ነው። አንዱንም አልመልስልሽም።

እናትሽን እንዳለ ንገሪያት። አንብቦታል፣ ሁለት ጊዜ አንብቦታል በያት። ከዚያ ያስቀረው ማን እንደሆነ በያት። ስሜን ስትሰማ የምትለውን ሁሉ ትበል፤ የኔ ነው።

እዚህ ያለውን ልንገርሽና ላብቃ። ሰኞ ዕለት መድፍ ግቢው ውስጥ ወደቀ። ጁማና ከሰዎቹ ስድስቱ ምሳ ላይ እንዳሉ አለቁ። ኒሙ ከነሥሩ ተነቅሎ ፈድለልሙላ ወጣ፤ እንደገና ቀበርኩት። ከጁማ ገላ የለቀምኩትን ያህል አጠገቡ ቀበርኩ። የቀሩት ሸሽተዋል። የሌላው ወገን ሰዎች መንገዱ ማዶ ደርሰዋል፤ ሲተኩሱ ግድግዳው አቧራ ያራግፋል። እነሱም ምስር ይቀቅላሉ።

የተረፈው ሁለት መደርደሪያ ነው፤ አንዱ የስምንት ወሩ ሰውዬ። ሙርሰል እንውጣ ብሎ ለመነኝ። አልወጣም። አንድ ጊዜ ወረቀት ቆልፌ ሄጃለሁ፤ ሁለተኛ አልሄድም። የምድር ቤቱን በር ከውስጥ ዘግቼ ቁጭ እላለሁ። ቢገድሉኝም የሚያዝንልኝ ሰው የለም፤ አንቺም እፎይ ትያለሽ።

ሲረልኸቲም


ገዳሪፍ፣ ጁማዳ አል-ኣኺራ 3

ለአጎቴ ሲረልኸቲም፣

ደብዳቤዎ በደረሰኝ ዕለት ለእናቴ ነገርኳት። አጠገቧ ተቀምጬ የራሷን ሦስት ገጽ ጉልበቷ ላይ ዘረጋሁላት። አረንጓዴውን ጽሑፍ በጣቷ እየተከተለች ራሷ አነበበችው። "ሁለት ጊዜ" አለች። "ሁለት ጊዜ አንብቦታል። ጽሕፈቴ ደህና ነበር ማለት ነው።" ፈገግ ብላ እንደ ልጅ አፍራ የተከናነበችውን ቶብ ወደ ፊቷ ሳበችው። እናቴን እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም።

ከዚያ ስለ መሳቢያው ነገርኳት። ስለ አውቶብሱም። ፊቷ ጠቆረ። ሁለት ቀን ሙሉ ውሃ እንኳ ከእጄ አልተቀበለችም፤ እርስዎን እየረገመች ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዓይኗን ገልጣ፣ "የማን ቀብር ነበር?" አለችኝ።

"የዋናው ጸሐፊ እናት" አልኳት።

"እናት?" አለች። "እንግዲያ እንዴት ይቅር? የሰው እናት ሞታ እንዴት ከቀብር ይቅር?" ብላ አለቀሰች። ከዚያ፣ "አባትሽም ቢሆን ይሄድ ነበር" አለች። እኔ ተናድጄ ወጣሁ። በር ዘግቼ ግድግዳውን በቡጢ መታሁ፤ እጄ እስካሁን አብጧል። እሷ የገባት ነገር ለኔ አልገባኝም፣ አይገባኝምም። መሄድዎን አይደለም የምጠላው፤ ዝም ማለትዎን ነው።

መጽሐፉን እጽፈዋለሁ። ያ ሰውዬ አንብቦ እንደነበር እጽፋለሁ። የእርስዎንም ስም ከነአባት ከነአያት እጽፋለሁ፤ ስለ ፈድለልሙላም፣ ስለ ተገረፉበት ጀርባዎም እጽፋለሁ። ምንም አላስቀርም።

እናቴ ትላንት ከዙህር ሰላት በፊት አረፈች። ዛሬ ቀበርናት። ድንኳኑ ተተክሏል፣ ምንጣፉ ተነጥፏል፤ የማላውቃቸው ተፈናቃዮች ሳይቀሩ መጥተው ተቀምጠዋል። ሦስት ቀን ነበር የምንቀመጠው፤ እኔ ግን እርስዎ እስኪመጡ ድንኳኑ አይነሣም ብዬ ሰፈሩን አስቸግሬአለሁ። እናቷ አሳብዳት ሄደች እያሉኝ ነው።

የብረት በሩን ይክፈቱ። ሁለቱን መደርደሪያ ሙርሰል መኪናው ላይ ይጭናቸው፤ ካልተቻለ ይቃጠሉ። ይቅር አላልኩዎትም፤ ሲመጡ ፊት ለፊት እጣላዎታለሁ። ግን የአባቴን ልቅሶ ቀርተዋል። የእናቴን እንዳይቀሩ።

ነፊሳ